እንስሳት ሳይንስ ወይስ የእንስሳት ሕክምና? ጅማ ላይ ለምትመርጡ ልጆች

የምደባ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። የጎረቤት ልጅ ይደውላል። የዘመድ ልጅ ይደውላል። የማላውቀው ልጅም ቁጥሬን ከሰው ተቀብሎ ይደውላል። ጥያቄው ያው ነው፦ «እንስሳት ሳይንስ ደረሰኝ። ሕክምናውን ነበር የፈለግኩት። ምን ይሻለኛል?» ድምፃቸው ላይ ቅሬታ አለ። አንዲት ልጅ «ዶክተር እባላለሁ ብዬ ለእናቴ ነግሬያት ነበር» ብላኝ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ያ ለቅሶ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

እኔ የተማርኩት እንስሳት ሳይንስ ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ ጅማ ዙሪያ ከወተት ላምና ከዶሮ አርቢዎች ጋር ስሠራ ኖሬያለሁ። የእንስሳት ሐኪም ጓደኞች አሉኝ። አብረን ብዙ በረት ገብተናል፣ አብረን ብዙ ሌሊት አምሽተናል። የሁለቱን ልዩነት ያወቅኩት እዚያው ነው። ለዚህም ነው ከሁለት ላሞች የምጀምረው።

የመጀመሪያዋ የአክስቴ ዲቃላ ላም ናት። በቀን 12 ሊትር ትታለብ ነበር። ቀስ በቀስ ወርዳ 5 ሊትር ላይ ደረሰች። አክስቴ ባለሙያ አስጠራች። የትል መድኃኒት ተሰጣት። ወተቱ አልተመለሰም። ሌላ መርፌ ተወጋች። አሁንም ያው ነው። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩና ለእረፍት ስመጣ ግርግሟን አየሁት። ገለባ ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ አንዳንድ እፍኝ ፉርሽካ ይጣልላታል። ውኃ የምታገኘው በቀን አንድ ጊዜ ነው። ወተት ከመቶ 87 እጁ ውኃ ነው። ውኃ ያልጠጣች ላም ከየት ታምጣው? ፉርሽካውን በፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው) አዋሕደን መጠኑን ጨመርን። ከጓሮ የዝሆን ሣር እያጨድን ሰጠናት። ባልዲውን ቀኑን ሙሉ አጠገቧ አኖርን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 9 ሊትር ተመለሰች። ላሟ ቀድሞም አልታመመችም ነበር። ርቧትና ጠምቷት ነው።

ሁለተኛዋ የጎረቤት ላም ናት። ማታ በሰላም ወለደች። ጠዋት ግን መነሣት አቃታት። አንገቷን ወደ ጎኗ ቆልምማ ተኝታለች። ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ወተቱ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም አልቆባት ነው። ማወቄ ግን ምንም አልፈየደላትም። ሐኪም ጓደኛዬን ጠራሁት። የአንገቷን ሥር ፈልጎ አገኘና ካልሲየሙን በደም ሥሯ ቀስ አድርጎ ለቀቀው። በሌላ እጁ ልቧን እያዳመጠ ነበር። ካልሲየም ከፈጠነ ልብ ያቆማል። ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላሟ ተነሥታ ቆመች። ያን ጠዋት የሕክምናን ክብር በዓይኔ አየሁ።

አሁን ልብ በሉ። ያን በሽታ ማዳን የሐኪሙ ሥራ ነው። ላሟ ከመውለዷ በፊት ባሉት ሳምንታት መኖዋን አስተካክሎ በሽታው እንዳይመጣ ማድረግ ደግሞ የእንስሳት ሳይንሱ ሥራ ነው። እርጉዝ ላም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ካልሲየም ሲበዛባት፣ ሰውነቷ ከአጥንት ማውጣቱን ይረሳና ስትወልድ ትወድቃለች። አንዱ በሽታ ሁለት ሙያ ይፈልጋል። የትኛው ይበልጣል ለሚለኝ ልጅ መልስ የለኝም። የትኛውን ሥራ ትወዳለህ ለሚለው ግን ብዙ የምለው አለኝ።

እንስሳት ሳይንስ ውስጥ ምን ትማራላችሁ?

የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ፍሬሽማን ነው፤ ከዚያ ውስጥ እንስሳ አትፈልጉ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ነው ነገሩ የሚመጣው። ፍሬሽማንን ጨምሮ 4 ዓመት ይፈጃል።

ለእኔ የትምህርቱ ልብ ሥነ ምግብ ነው። የሚያመነዥክ እንስሳ ሆድ አራት ክፍል አለው። ትልቁ ክፍል ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ገለባን እየፈጩ ወደ ጉልበትና ወደ ፕሮቲን ይለውጡታል። ይህን የተማርኩ ቀን ላምን የማይበት ዓይን ተቀየረ። እኛ ልንበላው የማንችለውን ገለባ ወተት አድርጋ ትሰጠናለች። ስለዚህ ላምን መመገብ ማለት መጀመሪያ ሆዷ ውስጥ ያሉትን ሕዋሳት መመገብ ነው።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙ ልጅ የሚደናገጠው እዚህ ነውና። ለምሳሌ ለወተት ላም ከመቶ 20 ፕሮቲን ያለው ድብልቅ ትፈልጋላችሁ እንበል። ፉርሽካው በግምት 16 አለው፣ የኑግ ፋጉሎው ደግሞ 32። አራት ማዕዘን ትሥላላችሁ። መሐሉ ላይ 20 ትጽፋላችሁ። በግራ በኩል ላይ 16፣ ታች 32። በማዕዘን ትቀንሳላችሁ። ከ32 ላይ 20 ሲቀነስ 12፤ ይህ የፉርሽካው ድርሻ ነው። ከ20 ላይ 16 ሲቀነስ 4፤ ይህ የፋጉሎው ነው። በጠቅላላው 16 ድርሻ ሆነ። ስለዚህ ከመቶ ኪሎ ውስጥ 75ቱ ፉርሽካ፣ 25ቱ ፋጉሎ ይሆናል። አለቀ። ሰባተኛ ክፍል የተማራችሁት ሒሳብ ነው። ግን ይህን የማያውቅ አርቢ ውዱን ፋጉሎ ያለመጠን ያበላና ይከስራል፣ ወይም ርካሹን ፉርሽካ ብቻ ያበላና ወተት ያጣል። በዚህ በአንዲት አራት ማዕዘን ብቻ የቤቱ ገቢ ሲለወጥ አይቻለሁ።

ቀጥሎ እርባታና ዘር ማሻሻል አለ። አገራችን ውስጥ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ከብት አለ። በአፍሪካ የሚደርስብን የለም። ወተቱ ግን እንደ ቁጥሩ አይደለም። የአገር ላም በሆለስቲን (በውጭ የወተት ከብት ዝርያ) ስታዳቅሏት የመጀመሪያዋ ጥጃ ግማሽ የውጭ ደም ይኖራታል። እሷን መልሳችሁ በሆለስቲን ካዳቀላችሁ ልጇ 75 ከመቶ ትሆናለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ብትደግሙ 87.5። ቁጥሩ ሲጨምር ወተት የመስጠት ዐቅሟ ይጨምራል። ግን ሙቀት፣ መዥገርና የመኖ እጥረት የመቋቋም ዐቅሟ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ «የውጭ ደም ይብዛ» አይልም። መጀመሪያ «ይህ ቤት ምን ማብላት ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ካስደሰታችሁ ቦታችሁ እዚህ ነው።

ማዳቀልን ራሱን ትማራላችሁ። ላም በ21 ቀን አንድ ጊዜ ድራት ላይ ትመጣለች፤ ኮርማ ትፈልጋለች ማለት ነው። ጠዋት የታየች ማታ ትዳቀላለች፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት። አባላዘሩ (የኮርማው የዘር ፈሳሽ) ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አርቢው ምልክቱን ካላየ ወይም አዳቃዩ ካልደረሰ 21 ቀን ባከነ። ለ21 ቀን ሳታረግዝ መኖ ትበላለች። ይህ ጥፋት በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ስንት ሊትር ወተት እንደሚያስቀር አስሉት።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፍ። የዶሮ እርባታ አለ። የበግና የፍየል አለ። የሥጋ ከብት ማድለብ፣ የመኖ ሣር ልማት፣ የወተት ማቀነባበር፣ ቆዳና ሌጦ፣ የዓሣ እርባታ፣ የገጠር ልማት ምክር፣ የእርሻ ሥራ አመራር፣ መሠረታዊ የእንስሳት ጤና አሉ። ስታቲስቲክስም አለ፤ ተማሪው ሁሉ ይፈራዋል። ሦስት ዓይነት መኖ አብልታችሁ የቱ እንደሚሻል በእርግጠኝነት የምትናገሩት ግን በእሱ ነው። የንብ እርባታን ግን በፍጥነት አላልፈውም። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ጅማ ዞን ውስጥ ጌራን የመሰለ ጫካ አለ። የገተማ ዛፍ አበባ ነጭ ማር የሚሰጥበት አገር ነው። ንብ መማር ለሚፈልግ ሰው ከጅማ የተሻለ ቦታ ብዙ የለም።

ሕክምናውስ?

ፍሬሽማኑን ጨምሮ 6 ዓመት ነው። ስትጨርሱ ዶክተር ትባላላችሁ። ትምህርቱ ከሰው ሕክምና ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ በሽተኛችሁ አንድ ዓይነት አካል የሌለው መሆኑ ነው። ላም፣ ፈረስ፣ ውሻ፣ ዶሮ፣ አህያ፤ የእያንዳንዳቸውን አካል ታጠናላችሁ። የሰውነት አሠራር፣ የበሽታ ምንነት፣ ባክቴሪያና ቫይረስ፣ ጥገኛ ተውሳክ፣ የመድኃኒት ጥናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ አዋላጅነት ይከተላሉ። ሽምደዳ ይበዛል። ጓደኛዬ ያኔ የሚያጠናው የአጥንት ስም በቃላት ብዛት ከእኔ ሙሉ ኮርስ ይበልጥ ነበር። በመጨረሻ ክሊኒክ ውስጥ እየተዘዋወራችሁ በእጃችሁ ትሠራላችሁ።

ሰው የማያስተውለው የሕክምናው ትልቅ ድርሻ የሰው ጤና ነው። አባ ሰንጋ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ብሩሴሎሲስ፣ የከብት ቲቢ ከእንስሳ ወደ ሰው ይመጣሉ። ቄራ ውስጥ ሥጋውን የሚመረምረው የእንስሳት ሐኪም ነው። እኛ ጥሬ ሥጋ የምንበላ ሕዝብ ነን። ከእኛና ከኮሶ ትል መሐል የቆመው ያ ምርመራ ነው። ለዚያ ሰው ምስጋና ሲቀርብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ታሪኩም ያኮራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ ካመጡት ነገሮች አንዱ የከብት ደስታ በሽታ ነበር። በሬ አለቀ፣ ማረሻ ቆመ፣ ሰው አለቀ። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። በዓለም ላይ በዚህ መልክ የጠፉት በሽታዎች ፈንጣጣና እሱ ብቻ ናቸው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ዛሬም ለአገራችን ከብትና ዶሮ ክትባት ያመርታል።

ጎን ለጎን ሲታዩ

የጅማ አካባቢን በሽታ ልውሰድ። ወደ ጊቤ ሸለቆ ስትወርዱ ገንዲ አለ። የቆላ ዝንብ የምታስተላልፈው በሽታ ነው። ከብቱ ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ ያስወርዳል። ሐኪሙ የሚጠይቀው «የትኛው መድኃኒት ይሠራል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በጊቤ ሸለቆ ተውሳኩ መድኃኒቶቹን መላመዱ በጥናት የታወቀ ነው። እንስሳት ሳይንስ የተማረው ደግሞ «የትኛው ዝርያ ይቋቋመዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ከእኛ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስትሄዱ ሻኛ የሌለው የሸኮ ከብት አለ። ከሌሎች ከብቶች በተሻለ ገንዲን ይችለዋል። ቁጥሩ ግን እየተመናመነ ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች እውነተኛ ናቸው። የትኛው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣችኋል?

ጊዜን አስቡ። የሁለት ዓመት ልዩነት ትንሽ አይደለም። ቤተሰብ መርዳት ያለበት ልጅ ይህን በሐቀኝነት ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገርበት። በ4 ዓመት ጨርሶ ሥራ እየሠራ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ይቻላል። ሥነ ምግብ፣ እርባታ፣ የወተት ሳይንስ፤ መንገዱ ክፍት ነው። ከእንስሳት ሳይንስ ወደ ሕክምና መሻገር ግን ብዙ ጊዜ ከታች መጀመር ነው። ስለዚህ «አሁን ይህን ልግባና በኋላ እቀይራለሁ» በሚል ሐሳብ ብቻ አትግቡ። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉንም ስለሚመለከት በዚያ ልዩነት የለም።

ጠባያችሁን እዩ። ደም ማየት፣ ሌሊት መጠራት፣ እጃችሁን እስከ ክንድ ላም ውስጥ ከትታችሁ የተጣመመ ጥጃ ማውጣት ይከብዳችኋል? ሕክምናው ይህ ነው። በሌላ በኩል ለወራት በየቀኑ መመዘን፣ መመዝገብ፣ ቁጥር ማወዳደር ይሰለቻችኋል? እንስሳት ሳይንስ ደግሞ ይህ ነው። ሐኪም የሥራውን ፍሬ በአንድ ሰዓት ሊያይ ይችላል። እኛ ዓመት እንጠብቃለን። እርባታ ከሆነ ደግሞ የጥጃዋን ጥጃ እንጠብቃለን።

ሥራን በተመለከተ ቀጥታ ልናገር። ድሮ ተመራቂ በቀጥታ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይመደብ ነበር። አሁን እንደዚያ ብላችሁ አትጠብቁ። ሐኪሞች ክሊኒክ፣ ቄራ፣ ኳራንቲን፣ የክትባት ማምረቻ፣ የመድኃኒት አስመጪ ድርጅት ይገባሉ። ፈቃድ አውጥተው የግል ክሊኒክ ወይም የእንስሳት መድኃኒት ቤት ይከፍታሉ። የእኛ ተመራቂዎች ወረዳ፣ የምርምር ማዕከል፣ የመኖ ፋብሪካ፣ የዶሮ እርሻ፣ የወተት ማቀነባበሪያ፣ የልማት ድርጅት ውስጥ አሉ። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ፣ ወተት፣ ማርና ዓሣ ላይ ብዙ ሰው ገብቷል። የገባው ሁሉ ግን ዕውቀት ይዞ አልገባም። የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ በሙቀት ማነስና በፈንግል የጨረሰ ሰው ጅማ ውስጥ ስንቱን አውቃለሁ። ጫጩት የሚያሳድግ፣ መኖ የሚያዋሕድ ወጣት ለእንዲህ ያለው ሰው በጣም ያስፈልገዋል። የራስን ሥራ በተመለከተ እንስሳት ሳይንስ ብልጫ አለው ብዬ አምናለሁ። ትምህርቱ ራሱ ማምረት ነውና።

ዶክተር የሚለውን ስምም እናንሣው። ወላጅ ደስ ይለዋል፣ እኔም አልነቅፈውም። በረት ውስጥ ግን አርሶ አደሩ የሚያስታውሰው ስማችሁን ሳይሆን ላሙ ምን እንደሆነች ነው። ያቺ ያለቀሰች ልጅ እንስሳት ሳይንስ ገባች። በሦስተኛ ዓመቷ ስትደውልልኝ ያወራችኝ ስለ ሳይሌጅ (አየር ሳይገባው ታምቆ ስለሚቀመጥ እርጥብ መኖ) ብቻ ነበር።

ጅማ መማር ምን ይጨምራል?

ጅማ የግብርና ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ተማሪዎች ሳይቀሩ ትምህርት የጀመሩት እዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዛሬ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ሁለቱንም ትምህርት በአንድ ግቢ ይሰጣል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የሕክምና ተማሪ ጓደኛ ይኑራችሁ። የእሱን ክሊኒክ እዩ፣ የእናንተን በረት አሳዩት።

ዝናቡ ብዙ ነው። ሣር አይጠፋም። እርጥበቱ ግን የጉበት ትልንና መዥገርን ያመጣል። ቦዬ አካባቢ ረግረጉ ላይ የሚግጡትን ከብቶች ስታዩ ሁለቱም ሙያ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባችኋል። ቡናው ደግሞ አለ። እዚህ አገር መሬት የቡና ነው። የግጦሽ ቦታ ይጠባል። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ፣ በቡናው ዳር፣ በእርከን ላይ መኖ ማብቀል መማር አለባችሁ። ደሾ ሣር እርከንም ይይዛል፣ ላምም ያበላል።

አንድ ነገር አደራ። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራችሁ ተማሩ። ቀርሳ ወይም ሰቃ ጨቆርሳ ወርዳችሁ አንዲት አዴ (ወይዘሮ) ስለ ላሟ ስትነግራችሁ በአስተርጓሚ ከሰማችሁ ግማሹ ይጠፋችኋል። ላሟ መቼ እንደወለደች፣ ምን እንደበላች፣ ማን እንደሚያልባት የምታውቀው እሷ ናት።

ሌላ መንገድስ?

ነጥባችሁ ለዩኒቨርሲቲ ካልበቃ የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ። በእንስሳት ጤናና በእንስሳት እርባታ ያሠለጥናሉ። ከዚያ የወጡ ልጆች በእጃቸው የሚሠሩትን ሥራ አይቼ ብዙ ጊዜ ተደንቄያለሁ። ቀበሌ ውስጥ መጀመሪያ የሚደርሱትም እነሱ ናቸው። ከእንስሳው ይልቅ የሚስባችሁ ወተቱና ሥጋው ምን ይሆናል የሚለው ከሆነ ድህረ ምርትን እዩ። ጅማ አለ። ከእንስሳ ጋር መዋል ጭራሽ የማይስማማችሁ ከሆነ ደግሞ የዕፅዋት ሳይንስና የአትክልትና ፍራፍሬ ትምህርት አለ፤ ራሳችሁን አታስጨንቁ።

ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ሁለት ጠዋት ስጡኝ። አንዱን ጠዋት 11 ሰዓት ተነሥታችሁ ላም የሚያልብ ቤት ሂዱ። አስፈቅዳችሁ እስከ ረፋድ ቆዩ። መኖ ተሸከሙ፣ በረት ጥረጉ፣ ወተቱ ሲሰፈር እዩ። በሌላው ጠዋት አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሄዳችሁ ማዕዘን ላይ ቁሙ። የቆሰለ አህያ ይመጣል፣ ሆዷ የተነፋ ላም ትመጣለች። ከሁለቱ ቦታ ስትመለሱ የትኛውን ለቤተሰብ እያወራችሁ ምሳ እንደምትረሱ ልብ በሉ። ከዚያ ደውሉልኝ።